የተጠገነው መሰላል

የታናሽ እህቷ ባል አብዮት ጠዋት ከመሰላል ወድቆ በባጃጅ ሆስፒታል ከተወሰደ ወዲህ አበዛሽ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። እሱም በሚሠራበት፣ ቦንጋ ዳር ባለው የቡና መጋዘን ቡና ለቃሚ ናት፤ ዛሬ ግን እጇ ደህናውን ፍሬ ከተበላሸው መለየት ተስኖት፣ ደጋግማ እየተነሳች በሩን ታያለች። እስካሁን የደወለ ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ ጋሽ ፍቅሩ አብዮት የወደቀበትን መሰላል የተገነጠለ እርከን በሚስማር መቱና ዘርትሁን የሚባለውን ሠራተኛ ጠሩት።

"የቡና ማበጠሪያ ማሽኑ አፍ ከላይ ተደፍኗል። ቶሎ ውጣና ክፈተው፤ የጭነት መኪናው ቆሞ እየጠበቀ ነው።"

ዘርትሁን መሰላሉን ቀና ብሎ አየ። ፈርቷል፤ ግን እምቢ ማለት አያውቅም። እጅጌውን መሰብሰብ ሲጀምር አበዛሽ ሳታስበው ሄዳ የመሰላሉ ታችኛው እርከን ላይ ቁጭ አለች።

"አንቺ፣ ምን ሆንሽ? ተነሺ እንጂ!" አሉ ጋሽ ፍቅሩ።

"አልነሳም፣ ጋሼ። ሌላ መሰላል ይምጣ።"

"ይኼው ጠገንኩት አይደል?"

"እንግዲያው እርስዎ ይውጡበት።"

ለቃሚዎቹ ሁሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ ፍቅሩ በንዴት ክንዳቸውን ዘርግተው የጠገኑትን እርከን ወዝወዝ አደረጉት። ሚስማሩ ተነቅሎ እርከኑ እጃቸው ላይ ቀረ። ከጎረቤት ግንባታ የብረት መሰላል አስመጡ። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞለት ዘርትሁን ወጣ።

ማምሻውን እህቷ ደወለች። "ዳሌው ተሰብሯል፣ ጅማ ውሰዱት እያሉን ነው።"

አበዛሽ የሥራ ሽርጧን ሳትፈታ ሆስፒታል የሚያደርሳት ባጃጅ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ሮጠች።