አማርኛዋ የጠፋባት መምህርት

ማስተዋል ዳንግላ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ናት። የዚያን ቀን የምታስተምረው የሰው አንጎል በረዥም ዘመን እንዴት እያደገ እንደመጣ ነበር። በአንድ እጇ የጥንቱን ሰው መሰል ፍጡር፣ በሌላው የዛሬውን ሰው የራስ ቅል ይዛለች፤ ሁለቱም ከጄሶ የተሠሩ ናቸው።

«የዚህኛው አንጎል ከትልቅ ብርቱካን ብዙም አይበልጥም። የእኛ ግን ሦስት እጥፍ ሆኗል። ምክንያቱም...» አለችና ቆመች። ተማሪዎቹ ጠበቁ። «ምክንያቱም...» ብላ ደግማ ሞከረች። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ቅሎቹ ከእጇ ወደቁ፣ እሷም ተዘርራ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

ባሏ አየነው አናጢ ነው። ሲደወልለት ሥራውን ጥሎ ሮጠ። ሰሞኑን ትኩሳትና ራስ ምታት ይዟት «ጉንፋን ነው» ስትለው አምኗት ነበር። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተላከች።

ዶክተር ይሄይስ የተነሳችውን የጭንቅላት ፊልም መብራት ላይ አድርጎ ለአየነው አሳየው።

«ቫይረስ ገብቶ አንጎሏን አስቆጥቶታል። የተቆጣ አካል ያብጣል። እግር ሲያብጥ ቆዳው ይለጠጣል፤ የራስ ቅል ግን አይለጠጥም።»

«ታዲያ እብጠቱ ወዴት ይሄዳል?»

«መሄጃ የለውም። አንጎሉን መልሶ ይጫነዋል።»

አየነው ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለትምህርቷ ስትዘጋጅ የምታወራለትን ሁሉ ያዳምጥ ነበር። የሰው አንጎል መተለቅ ጸጋ ብቻ ይመስለው ነበር እንጂ ቦታ ሊጠበው እንደሚችል አስቦ አያውቅም።

መድኃኒቱ በደም ሥሯ ሲሰጣት ሰነበተ። ትኩሳቱ ሲበርድ ዓይኗን ገለጠች። እጇን ይዞ «እኔ ነኝ» አላት። ትክ ብላ አየችውና ረጋ ባለ ድምፅ ታወራው ጀመር። አንድም ቃል አልገባውም። የምታወራው በአዊኛ ነበር።

በአዊ አገር፣ አዘና አካባቢ ስታድግ አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው። እሱ ግን አማርኛ ብቻ የሚናገር የቢቸና ሰው ነው፤ ሲጣሉም ሲታረቁም በአማርኛ ነበር።

«በአማርኛ ንገሪኝ እንጂ፣ ማስተዋል።»

ግንባሯን ቋጥራ አፉን አፉን አየችው። አልሰማችውም ማለት አይደለም፤ ያለው ነው ያልገባት። እንባው በጉንጩ ወረደ።

ማስተዋል እንደገና ስትናገር፣ ከአልጋው አጠገብ የነበሩት እናቷ ወይዘሮ ዋጋዬ ጠጋ ብለው አዳመጧት።

«እማማ፣ ምን አለች?»

«‹ለምን ያለቅሳል?› ነው የምትል።»

«ማን እንደሆንሁ ይንገሯት።»

ነገሯት። ማስተዋል አጭር መልስ ሰጠች። ወይዘሮ ዋጋዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «‹ባሌ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ምን ቋንቋ ነው የሚያወራው?› ትላለች።»

ዶክተሩ ሲጠየቅ አልደበቀም። «በልጅነት የተማረችው ቋንቋ ተርፏል። አማርኛዋ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

ወደ ዳንግላ ሲመለሱ ወይዘሮ ዋጋዬም አስተርጓሚ ሆነው አብረው ገቡ። አየነው ውኃን፣ ሕመምንና እንቅልፍን በአዊኛ መጥራት ለመደ፤ ሲያበላሸው ትስቅበታለች። አማርኛዋ ቀስ በቀስ መጣ፤ ግን ዛሬም ቃል ፍለጋ መሀል ላይ ትቆማለች። ወደ ክፍል አልተመለሰችም፤ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ መደባት።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ያኔ ምን ይሰማት እንደነበር ጠየቃት።

«ድምፅህ ያንተው ነበር» አለች። ቆም ብላ ቃል ፈለገች። «ንግግርህ ግን ትርጉም አልነበረውም። የታመምኸው አንተ መስለኸኝ በጣም አዘንሁልህ።»