የማሙሽ ተከላካይ

«የት አደረስካቸው?»

ለቅሶ የመጡት ሰዎች ስኒያቸውን እንደያዙ ቀሩ። የሟቹ የማሙሽ እህት፣ መጋረጃ ሰፊዋ፣ የኮሪደሩ አፍ ላይ ቆማለች። በእጇ የያዘችው የአንድ ካርቶን ክዳን ብቻ ነው፤ ክዳኑ ላይ በማሙሽ የእጅ ጽሑፍ «ተከላካዮች» ተብሎ ተጽፏል።

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ እንግዳ አለ» አላት ታላቅ ወንድሟ ከተቀመጠበት ሳይነሳ። ርዕሰ መምህር ነው። ሐዘን ላይም ሆኖ ሰው ሁሉ የጠዋት ሰልፍ ላይ የቆመ ይመስለዋል።

«እንግዳ እንዳለ አያለሁ፣ አልታወርኩም። የማሙሽን ካርዶች ነው የጠየቅኩህ፣ ወንድምጋሼ።»

«አወጣኋቸው።»

«ወዴት?»

ዓይኑ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱም ወደ ታች ሄደ። ጫማ ሳታደርግ ደረጃውን ወረደች። የቆሻሻ መኪናው ጠዋት መጥቶ ሁሉንም አጋብሶ ሄዷል። የቆሻሻ በርሜሉ ሥር የቀረው የሙዝ ልጣጭና አንድ እግር ነጠላ ጫማ ነው። በርሜሉን በእርግጫ መታችው። አመማት። ደግማ መታችው።

ማሙሽ የሁለቱም ታናሽ ነበር። ሥራው ሊፍት መጠገን ነበር። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ገጨው። ነገሩ ይኸው ነው። ለሰው ግን ይኸው አይበቃውም። አክስታቸው ትናንት ጥግ ይዘው ለጎረቤት ሲያንሾካሹኩ በጆሮዋ ሰምታለች፤ «ጭንቀት ነበረበት እኮ። ራሱ ገብቶበት እንደሆነስ ማን ያውቃል?» እሷ እንዳልሰማች ሆና አለፈቻቸው። ወንድሟም ሰምቷል ለካ። እሱ ደግሞ በጠዋት ተነስቶ ካርቶኖቹን ተሸክሞ ወረደ።

ተመልሳ ስትወጣ ወንድሟ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሏት መጣ።

«ለእሱ ብዬ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «አርባ ሊሞላው የደረሰ ሰው የኳስ ተጫዋች ካርድ ሲሰበስብ፣ በካርድ ሲጫወት ኖረ ይበሉት? እንደዚያ እያወሩ ይህንንም ቢያዩ ምን ሊሉት ነው?»

«አልተጫወተበትም።»

«ታዲያ ምን አደረገበት?»

«ኖረበት!» ብላ ጮኸችበት። «ኖረበት፣ ገባህ? አንተ አንድ ቀን ምን ሆነሃል ብለህ ጠይቀኸዋል?»

እሷ ጠይቃዋለች። አንድ ቅዳሜ ሊጠይቃት መጥቶ ሻዩን አንስቶ መጠጣት አቃተው፤ ሻዩ የስኒ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። መቀሷንና ሜትሯን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ ከደረት ኪሱ አሥራ አንድ ካርዶች አውጥቶ ከጨርቁ ላይ መደርደር ጀመረ። በረኛውን ከታች፣ ተከላካዮቹን ከፊቱ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ላይ።

«ምን እያደረግህ ነው፣ ማሙሽዬ?»

«ልቤ ሲሮጥብኝ እነሱን ቦታ ቦታ አስይዛለሁ። አጥቂው ጋ ስደርስ ትንፋሼ ይመለሳል።» የመጨረሻውን ካርድ አስቀምጦ አያት፤ ከንፈሩ ገና አመድ እንደመሰለ ሳቀ። «አንዳንዴ ግን አሥራ አንዱ አይበቁኝም፤ ተጠባባቂዎቹንም እጠራለሁ።»

ያን ጊዜ ወደ ወንድሟ ሄዳ ነግራው ነበር። ማሙሽ ታሟል፣ ሐኪም ይየው ብላው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከሚያርመው ፈተና ቀና ሳይል «ሚስት ያግባ፣ ይለቀዋል» አላት።

አሁን ይህን ሁሉ ፊቱ ላይ ልታፈርጠው አፏን ስትከፍት፣ ከሳሎን ጠሯት። የማያውቋት ሴት መጥታለች።

ሴትየዋ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ማሙሽ ሊፍት ይጠግንበት የነበረ ሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ መሆኗን ተናገረች። መሞቱን የሰማችው ዛሬ ከዘበኛው ነው።

«አንድ ቀን ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሀል ቆመብኝ» አለች። «መብራቱም ድርግም አለ። ጮህኩ፣ በሩን ደበደብኩ። በኋላ መጮህም አቃተኝ፣ አየር አጠረኝ። በቃ ሞትኩ አልኩ። እሱ መጣና ከውጭ ሆኖ ‹እህቴ፣ እኔም እንዲህ ያደርገኛል፤ አውቀዋለሁ፣ ያልፋል› አለኝ። ከዚያ በበሩ ስንጥቅ ይቺን አሾለከልኝ።»

ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ካርድ አወጣች። ጥግ ጥጉ የተላላጠ፣ ፊቱ በአውራ ጣት ብዛት የደበዘዘ ተከላካይ።

«‹መነጽሬን ረስቻለሁ፣ በስልክሽ መብራት ጀርባውን አንብቢልኝ› አለኝ። እኔ ኳስ የሚባል አላውቅ። ቁጥሩን አነበብኩለት፣ ቁመቱን፣ የተወለደበትን ከተማ። ስጨርስ ‹አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ› ይለኛል። እሱ በሩን እየፈታታ፣ እኔ እያነበብኩ፣ ለካ ትንፋሼ ተመልሷል። በሩ ሲከፈት ካርዱን ብመልስለት ‹ያዢው፣ ነገም ሊፍት መግባትሽ አይቀርም› አለኝ።»

«ማሙሽ መነጽር አድርጎ አያውቅም» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

«እኔም በኋላ ገባኝ» አለች ሴትየዋ፤ ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠቻት። «የእናንተ ነው።»

መጋረጃ ሰፊዋ ካርዱን ተቀብላ ወደ አክስቷ ዞረች። ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም አሁን ገና እግር አወጣ።

«ሰሙ፣ አክስቴ? ወይስ ለጎረቤትዎ እንዲነግሩልኝ ላስደግምልዎት? አዎ፣ ጭንቀት ነበረበት። ጭንቀቱን ተሸክሞ በየቀኑ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ እየገባ ሰው ያወጣ ነበር!» ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ ደግሞ ቆሻሻ ላይ ጣልከው።»

ርዕሰ መምህሩ ተነሳ። ወንበሩን ገፍቶ በኮሪደሩ ሄደ፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተዘጋ፣ ተቆለፈ።

«ተይው አንቺ ልጅ፣ ይበቃዋል» አሉ አክስቷ።

አይበቃውም። ስድቧን እያሰናዳች ተከተለችው። «ክፈት!» ብላ በሩን በመዳፏ መታች። «እሱን የደበቅኸው አነሰህና አሁን ራስህ ትደበቃለህ? ክፈት እልሃለሁ!»

ያኔ ሰማችው። አጭር አጭር፣ እየተቆራረጠ የሚገባ፣ ገብቶም የማያጠግብ ትንፋሽ። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ልጆች ሆነው ሦስቱም በአንድ ክፍል ሲተኙ ከማሙሽ አልጋ በኩል ትሰማው ነበር። ከማሙሽ አልጋ ብቻ ነበር የሚመስላት።

ማወቋ ራሱ አናደዳት። ልታዝንለት አልመጣችም። ልታዝንለት አትፈልግም።

«አልቻልኩም» አለ ድምፁ ከታች፣ ከወለሉ አካባቢ። «እጄ... ቁልፉን አልያዘልኝም።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉ ካርቶን የተረፈችውን አንዲት ካርድ አየቻት። ገልብጣ፣ ጀርባዋን ወደ ላይ አድርጋ፣ በበሩ ሥር እስከ ግማሽ አስገባቻት።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው። «ዝም ብለህ አንብብልኝ።»

ካርዱ በጣቶቿ መሀል ነቅነቅ አለ።

«ቁጥር... አምስት» አለ። ትንፋሹን ሳበ። «ተከላካይ።»

«ቀስ ብለህ።»

«ቁመት... አንድ ሜትር ከሰማንያ...» ካርዱ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ እሷ ጫፉን በሁለት ጣቷ ጨምድዳ ይዛለች። ደግሞ ተሳበ። «የቀረው አይታየኝም» አለ ወንድሟ። «ልቀቂልኝ።»

ጥቂት ያዘችው። ከዚያ ጣቶቿን አላላች።