በማሪኬ ፀጉር ውስጥ የጠፋው ማበጠሪያ

በፓፑዋ ምድር፣ በቢያክ ደሴት፣ የልጅን የመጀመሪያ ፀጉር የሚቆርጠው የእናት ወንድም ነው። አጎት እንቢ ካለ፣ አባት መቀሱን ቀኑን ሙሉ ሲስል ቢውል ወጉ አይሞላም። ያፌት ደግሞ እንቢ ካለ ቆየ፤ የእህቱ ልጅ የማሪኬ ፀጉርም እያበጠ ከበር አላስገባ ሊላት ደርሷል።

ቂሙ የእህቱ የሠርግ ዕለት ቂም ነው። ሙሽራው ሩስሊ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የማካሳር ነጋዴ ልጅ፣ በሰው ፊት፣ «ፓፑዋ ማለት እኮ ከርዳዳ ማለት ነው አሉ። አያቶቻችን በመርከብ ሲያልፉ ፀጉራችሁን አይተው ነው ስሙን ያወጡላችሁ» አለ። ሠርገኛው ሳቀ። ያፌት አልሳቀም። ድሮ አስተማሪው እርሳስ ፀጉሩ ላይ እየሰካ ክፍሉን ያስቅበት ነበር፤ ትምህርቱንም የተወው በዚያ ነው። የተማረ ሰው አንድ ቃል ሲያገኝ ዱላ ያገኘ ይመስለዋል።

ዛሬ እህቱ ዶርሲላ እያለከለከች መጣች።

«ወንድምዬ፣ ድግሱ ደርሷል። ልጄ አጎት የሌላት ልትባል ነው?»

«ባልሽ አዋቂ አይደል? እሱ ይቁረጣት።»

«ሊያበጥራት ሞክሮ ማበጠሪያው ተሰበረ። ግማሹ እዚያው ውስጥ ቀረ፤ አጣነው!»

ያፌት የሚጠግነውን መረብ አስቀመጠ። «ይህንንስ ማየት አለብኝ» አለ። ለማየት ብቻ ነው የሚሄደው፤ ግን አጎት ፀጉር ሲቆርጥ ለልጅ የሚሰጠውን የአባቱን የሸክላ ሳህን በብብቱ ሸጎጠ።

ግቢው በከበሮ ይናጋል። ሩስሊ ተንበርክኮ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ የልጅቷን ራስ ይፈትሻል። ማሪኬ ሙዟን ትገምጣለች።

«ሩስሊ፣ የአያትህ መርከብም እዚያው ሰጥሞ እንዳይሆን!» አለች አንዲት አሮጊት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«አማቼ፣ ያን ቃል እስኪ ድገመው» አለ ያፌት።

 ሩስሊ ግንባሩ ላይ የተለጠፈውን ሉጫ ፀጉሩን ዳበሰ።

«ጋሼ፣ ያኔ አላወቅኩትም። የኔን ሉጫ አይቶ ለአገር ቀርቶ ለአጥር ስም ያወጣ አለ? አያቶቼ ተደንቀው ነው የሚሆነው። በድዬሃለሁ፣ ማረኝ።»

ያፌት ከማሪኬ አጠገብ ተንበረከከ። ጣቶቹን ፀጉሯ ውስጥ አስገብቶ ማበጠሪያውን ባንዴ መዘዘው። እልልታው ቀለጠ። ከዚያ አንዷን ጥቅል ጎትቶ ለቀቃት፤ ተስፈንጥራ ቦታዋ ገባች። ደግሞ ጎተታት። ሳቁ ሳያስበው አመለጠው፤ ማሪኬም አብራው ተንከተከተች። ሲጠግብ ጥቅሏን ቆርጦ ሳህኑ ላይ አኖራት፤ ሳህኑንም ለልጅቷ ሰጣት።

«ይቅር ብለኸኛል?» አለ ሩስሊ።

«ግማሹን። ቀሪውን ያንተ ፀጉር ሲከረደድ።»