ከኋላ የያዘው ሰው

ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን የጠጠር መንገድ ያወጣው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለፍየል እንጂ ለሰው ያሰበ አይመስልም። ከሚሌኒየሙ በኋላ የቻይናና የህንድ ሞተር ሳይክል አገሩን ሲያጥለቀልቀው፣ የአካባቢው ወጣት ሥራ አገኘሁ ብሎ በዚህ መንገድ ተሰማራ። ወደ ታች ጨውና ስኳር ያወርዳል፣ ወደ ላይ በርበሬና ማር ያወጣል፤ በመካከሉ ደግሞ ሰው ይጭናል። መኪና ጭቃው እስኪደርቅ ይጠብቃል። ሞተረኛ አይጠብቅም፤ ባለመጠበቁም ይሞታል። ያልሞተው ካለ በጓደኛው ነው የኖረው።

ስለዚህ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ከአዲስ አበባ የወረደ አይደለም፤ ስለዚህም ይከበራል። አንደኛው፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ፍሬኑ የደከመውን ሞተር ከሁለቱ ነጂዎች እጁ የጠነከረው ይይዛል፤ ደኅናውን ለጓደኛው ይለቃል። እምቢ ማለት የለም፤ አመሰግናለሁ ማለትም የለም። ሁለተኛው፣ በሽተኛ ወይም ወላድ ሲገኝ በአንድ ሞተር ሦስት ሆኖ መሄድ ነው። ነጂው ከፊት፣ በሽተኛው ከመሃል፣ ከኋላ ደግሞ በሽተኛውን አቅፎ የሚይዝ ሰው ይቀመጣል። ይህን ሰው ደጋፊ ይሉታል። ደጋፊ ከሌለ በሽተኛ አይጫንም። ቢጫን በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ገደል ነው።

ጋሹና ጠሃ በዚህ ሕግ የተሳሰሩ ነበሩ። ጋሹ ከፍኖተ ሰላም ገጠር የመጣ፣ ቁጡና ዝምተኛ። ጠሃ የቡሬ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ከሞተሩ ቀድሞ አፉ የሚነሳ። በረሃው ጫፍ ካለችው ምግብ ቤት ከአንድ ትሪ ሽሮ ይበላሉ። «የምንለያየው ሥጋ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ድህነት አስታርቆናል» ይል ነበር ጠሃ። ጋሹ አይስቅም፤ ግን ጠሃ የሌለበት ቀን ሽሮው አይጥመውም ነበር።

ጋሹ ላይ ደም ነበረበት። የፈሰሰው በእሱ እጅ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ ክንፈሚካኤል በወሰን ጠብ ጎረቤታቸውን በመጥረቢያ መትቶ ገድሎ ወህኒ ወርዷል። በመንግሥት በኩል ነገሩ አልቋል፤ በአገሩ በኩል ግን ገና መጀመሩ ነው። ገዳዩ በዘበኛ ስለሚጠበቅ የሚፈለገው ወንድሙ ሆነ። የሟቹ ታናሽ ወንድም እንዳለው ይባላል፤ ከጋሹ ጋር አንድ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠሩ፣ በአንድ ወንዝ የዋኙ ልጆች ናቸው። ሽማግሌ ገባ፤ ካህኑ መስቀል ይዘው ለመኑ። በመጨረሻ የእንዳለው አባት ከጥምቀት ማግስት ሊታረቁ ቃል ሰጡ። ጋሹ አመነ። ጠሃ ግን አላመነም።

«ቃል የሰጡት አባትየው ናቸው። ልጁ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው።

«ዝም አለ።»

«ዝም የሚል ሰው አልወድም። አንተንም የቻልኩህ ለሽሮው ብዬ ነው።»

ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ ደረቅ ረፋድ፣ ሁለቱ ጨው ጭነው አፋፉ ላይ ደረሱ። አቧራው ዓይን አያስገልጥም፤ ሁለቱም ከሄልሜታቸው ሥር ፊታቸውን በሻርፕ ጠቅልለዋል። የጋሹ ሞተር ቀይ ናት፤ መቀመጫዋ ላይ ነጭ የበግ አጎዛ ታስሮባታል። ከሩቅ የሚያያት ሁሉ «ጋሹ መጣ» ይላል። የዚያን ቀን የኋላ ፍሬኗ ሲረገጥ እንደ ሊጥ ይሰምጥ ነበር።

ጠሃ ወርዶ ረገጥ አደረጋትና ምላሱን ጠቅ አደረገ። «አምጣ» አለ።

ጋሹ ሰጠው። ምንም አላሰበም። ስንት ጊዜ የተለዋወጡትን ሞተር ተለዋወጡ፤ ጠሃ ቀይዋን ይዞ ከፊት ወረደ። በኋላ፣ በሕይወቱ ሙሉ፣ ጋሹ ራሱን የሚረግመው ለዚህች ቅጽበት ነው። ጠላት ያለበት ሰው ሞተሩን ያውሳል? ማንም የገጠር ሽማግሌ አይሳሳታትም። ሞተረኛ ግን ከቁልቁለት ሌላ ጠላት ያለው አይመስለውም።

ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ አንድ ጥይት ጮኸ። ቀጥሎ ብረት ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ ተሰማ።

ጋሹ ጠመዝማዛውን ሲዞር ቀይዋ ሞተር የለችም፤ ገደል ገብታለች። ጠሃ መንገዱ ዳር በጀርባው ወድቋል። ጨው ከተቀደደው ጆንያ ፈስሶ ከሥሩ እየቀላ ነው። ከአጠገቡ የሟቹ ወንድም እንዳለው ክላሹን በአንድ እጁ ይዞ ተንበርክኳል፤ በሌላው እጁ የጠሃን ሻርፕ ገልጦ ፊቱን ያያል። የሚያየውን ማመን አቅቶታል።

«አንተ አይደለህም» አለ እንዳለው ለወደቀው ሰው፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል።

ከዚያ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ዞረ፤ ጋሹን አየ። ክላሹን አንስቶ ሳበ። ጥይት ነከሰበት፤ አልተኮሰለትም። ጋሹ ፍሬን አልያዘም፤ ነዳጅ ሰጠ። የሞተሯ ጎማ ከነክላሹ ደረቱን መታውና ሁለቱም ከነሞተሯ ተንከባለሉ።

ቀድሞ የተነሳው ጋሹ ነው። ሄልሜቱን አውልቆ በእሱ ፊቱን መታው፤ ደገመው። አፍንጫው ሲሰበር ሰማ፤ መስማቱም ደስ አለው። እንዳለው ጉሮሮውን አነቀው፤ ጋሹ አውራ ጣቱን ነክሶ እስከ አጥንቱ አደረሰው። ጩኸቱ ገደሉን ዞሮ ሲመለስ ጋሹ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የእንጀራ እናት የሚያስንቅ ጥላቻ በልቡ ይዞ ድንጋይ አነሳ። በሁለት እጅ የሚነሳ ድንጋይ ነው። እንዳለው አየው፤ ዓይኑን አልጨፈነም።

«ጋሹ» አለ ጠሃ ከወደቀበት። «ወይ እሱን ግደል፣ ወይ እኔን አድን። ሁለቱን አትችልም።»

«ጨርሼው እመጣለሁ!»

«ደጋፊዬ ማን ሊሆን ነው ታዲያ? ጨው?»

ጋሹ ድንጋዩን እንዳነሳ ቀረ። መንገዱን ወደ ላይ አየ፤ ሰው የለም። ወደ ታች አየ፤ ሰው የለም። የጠሃ ጎን በጥይቱ ተበስቶ ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወጣል። ያለ ደጋፊ ይህን ሰው በሞተር ማንም ወደ ላይ አያወጣውም። በዚያ ገደል ላይ ሁለት ክንድ ያለው ሰው ከእሱ ሌላ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሥሩ ተኝቶ ደም ይተፋል።

ድንጋዩን ከእንዳለው ጆሮ አጠገብ ጣለው። አለቀሰ፤ ከንዴት ነው ያለቀሰው።

«ተነስ» አለው። «ትይዘዋለህ። ከወደቀ ትከተለዋለህ።»

ክላሹን ወደ ገደሉ ወረወረ። የጠሃን ጎን በሁለቱም ሻርፕ ጠፍሮ አሰረ፤ ጨዉን ከሞተሯ አራገፈ። መስታወቷ ረግፏል፣ መሪዋ ተጣሟል፤ ግን ተነሳች። ጠሃን መሃል አስቀመጡት፤ እንዳለው ከኋላ ሆኖ በሁለት ክንዱ አቀፈው። ሞተሯ ዳገቱን ከያዘች በኋላ ነው ጋሹ የእንዳለውን ጩቤ ያስታወሰው። ሲታገሉ ወገቡ ላይ አይቶት ነበር፤ አልቀማውም። አሁን ቢቆም ጠሃ ይሞታል፤ ባይቆም ጀርባው ለጠላቱ የተሰጠ ነው። አልቆመም።

በሞተር ሦስት ሆኖ ዳገት መውጣት ፍቅር ይጠይቃል። ነጂው ሲያጋድል ሦስቱም ማጋደል አለባቸው፤ አንዱ ካመነታ ሁሉም ይወድቃሉ። ጋሹ ወደ ግራ ሲል እንዳለው ወደ ግራ አለ። ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ አለ። ልጅ ሆነው ባንድ በቅሎ እየተፈናጠጡ ወንዝ ይወርዱ ነበር፤ ገላቸው አልረሳውም። ይህ ጋሹን ከጩቤው ይልቅ አናደደው።

ጠሃ ጭንቅላቱን የጋሹ ትከሻ ላይ አድርጎ ጆሮው ውስጥ ያወራል። ያው ጠሃ ነው።

«ጥሩ ይይዛል ሰውዬው። ካንተ ይሻላል።»

«አትናገር። ትንፋሽህን ቆጥብ።»

«ማልልኝ፣ ጋሹ። በእኔ ምክንያት ሌላ ሰው እንዳይሞት። እኔ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ደም አናስለካም።»

«አንተ ኑርልኝ እንጂ የፈለግከውን እምላለሁ!»

«ማል ብዬሃለሁ።»

«ሚካኤልን! እንዳለውን አልነካውም፤ ማንም አይነካውም። በቃህ?»

«በቃኝ» አለ ጠሃ። ከዚያ በኋላ፣ ትንሿን ድልድይ ሲሻገሩ፣ ክብደቱ የጋሹ ትከሻ ላይ እየጨመረ መጣ። ጋሹ ጠራው፤ አልመለሰም። «ይተነፍሳል?» ብሎ ጮኸ። ከኋላው እንዳለው «ንዳ!» አለ። ደግሞ ጠየቀ። «ንዳ ብቻ!» አለው።

የቡሬ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሞተረኞች ተሰብስበው ነበር፤ ደም ተሸክማ የምትበር ሞተር ካዩ ተከትለው መምጣታቸው ልማድ ነው። ጠሃን ተቀብለው ሮጠው አስገቡት። እንዳለው ክንዶቹን አላጠፋቸውም፤ እንዳቀፈ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ጩቤው ወገቡ ላይ እንዳለ ነው። ከአገጩ እስከ ጉልበቱ የጠሃ ደም ነው። አንዱ ውኃ አመጣለት። ምሥጋና የሚባለው፣ ከሞተረኞቹ ሁሉ ጉልበተኛው፣ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰው። «ደጋፊ እንዲህ ነው» አለ። «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ።»

ጋሹ ይህን ሁሉ ያያል። አንድ ቃል ከአፉ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ቃሉ ምላሱ ላይ ነው።

ሐኪሙ ሳይቆይ ወጣ። አንገቱን ደፋ። ጠሃ ሲደርስ ሞቶ ነበር።

የጠሃ እኅት ራዲያ ሻሿ ወድቆ እየሮጠች ደረሰች። ሰዎቹ ሊይዟት ሲሉ በመካከላቸው አልፋ፣ ደም የለበሰውን ሰው አይታ ጉልበቱ ሥር ወደቀች። እጆቹን ያዘች።

«ወንድሜን አቅፈህ ያመጣኸው አንተ ነህ? ብቻውን አልሞተም በለኝ። አላህ ይክፈልህ፣ ወንድሜ!» ብላ በደም የተለወሰውን እጁን ሳመችው።

እንዳለው እጁን ሊነጥቃት ሞከረ፤ አልለቀቀችውም።

«እኅቴ፣ አትሳሚኝ» አላት። «የመታሁትም እኔ ነኝ። ድልድዩ ጋ ነው የሞተው። ጋሹ ይቆማል ብዬ ፈርቼ አልነገርኩትም። ሰው ዘንድ ላድርሰው ብዬ ያዝኩት።»

 ከዚያ ምሥጋና በሄልሜቱ ጥርሱን መታው። ሌላው የሞተር ካቴና ከወገቡ ፈታ። እንዳለው ጩቤውን አልነካም፤ እጁንም አላነሳም። ከደረጃው ጎትተው አቧራው ላይ ጣሉት፤ በጫማም በብረትም ያገኙትን መቱት። ዱላው ሥጋ ላይ ሲያርፍ የጤፍ አውድማ ይመስል ነበር።

ጋሹ ቆሞ አየ። ደስ ይለው ነበር፤ አይዋሽም። የማለው ጠሃ እንዲኖርለት ነው። ጠሃ አልኖረም። ታዲያ መሐላው በምን ይቆማል? ማንም አይጠይቀውም፤ ከሟቹ በቀር የሰማው የለም፤ የሰማው ሌላው ሰው ደግሞ አሁን ሊሞት ነው። ከዚያ ግን «በቃኝ» ያለችው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ገባች። የመጨረሻ ቃሉ እሷ ነበረች። ሰውዬው አምኖ ነው የሞተው።

በጓደኞቹ መሃል ተወርውሮ ገባ። እንዳለውን ከኋላው አንስቶ በሁለት ክንዱ አቀፈው፤ በሽተኛ እንደሚታቀፈው አድርጎ፣ ጣቶቹን ደረቱ ላይ አቆላልፎ፣ ጀርባውን ለካቴናው ሰጠ። የመጀመሪያው ምት ጎድኑን ሰበረው።

«ልቀቀው ጋሹ!» ብሎ ጮኸ ምሥጋና፣ እያለቀሰ። «የጠሃ ገዳይ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ልቀቀው እልሃለሁ፣ አንተንም እንገድልሃለን!»

«ምቱ» አለ ጋሹ። ፊቱ የእንዳለው አንገት ላይ ነው፤ የሚሸተው የጠሃ ደም ነው። አልማረውም። ሊምረውም አያስብም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ይጠላዋል። «ምቱ፤ እኔ ለጠሃ ምዬለታለሁ።»

መቱ። ራዲያ «ተዉ!» ብላ እስክትጮህ መቱ፤ ፖሊሶች እስኪደርሱም አንዳንዱ አላቆመም ነበር። ፖሊሶቹ እንዳለውን ሊወስዱት ሲሉ ጋሹ ራሱን ስቶ አገኙት። ክንዶቹ ግን አልተፈቱም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁት።