የአያ ቢሻው የተጨበጠች እጅ

አያ ቢሻውን መጋኛ መታው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ አመነ። ሐኪሙ ግን አንጎሉ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ ነው አለ። እውነቱ የማንም ይሁን፣ በጎንደር ቅዳሜ ገበያ የታወቀው የልብስ ሰፊው ግራ እጅ ተጨብጣ ቀረች። ጨርቁን ወደ መርፌው የሚመራ እጅ ከሌለ የስፌት መኪና ምን ያደርጋል?

ቢሻው ከሰው ሸሸ። ከዕድርም ከለቅሶም ቀርቶ፣ እጁን በጋቢ ሸፍኖ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። የሚሄደው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የቀበሌ ስብሰባ። ዘመኑ የደርግ ነውና መፈክር ሲባል ሰው ሁሉ ግራ እጁን ጨብጦ ያነሳል። ቢሻውም በቀኙ ደግፎ ያነሳታል፤ እንደሷ ጥብቅ ያለች እጅ ደግሞ አልነበረችም። ሊቀመንበሩ ጓድ ዋሴ መታመሙን እያወቀ የፊት ወንበር ሰጠው። «መጨበጥ እንዲህ ነው!» እያለም ያስጨበጭብለታል። በበሽታው የሚኮራ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ ቢሻው ግን ኮራ።

እጅን በሥራ የምታክመው ነርስ ወይንሸት፣ «አያ ቢሻው፣ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ጣቶችዎን በቀኝዎ እየፈቱ በመዳፍዎ ተጭነው ይዳምጡት። መድኃኒቱ የራስዎ ሥራ ነው» ብላው ነበር። እሱ ዛሬ ነገ እያለ ችላ አለ። ምክንያቱን የደረሰችበት ሚስቱ እታገኘሁ ናት።

«ምነው አንተ! እጄ ከተፈታች ጭብጨባው ይቀርብኛል ብለህ ነው አይደል?»

«ታዲያ ሌላ የት ሰው እባላለሁ?»

እታገኘሁ አላባበለችውም። ጫፉ የተተረተረ ቀሚሷን አምጥታ ፊቱ ጣለችው።

«እኔ ዘንድ። ተነስና ሸጋ አድርገህ ስፋልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ቢሻው እያላበውና እየተራገመ ጨርቅ ሲዳምጥ ይውል ጀመር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ መጀመሪያ አውራ ጣቱ፣ ሰንብቶ ሌሎቹም ላሉ። ቀሚሱም ተሰፋ። ስፌቱ የሰካራም መንገድ ይመስል ነበር፤ እታገኘሁ ግን ለብሳው ወጣች።

በቀጣዩ ስብሰባ መፈክር ሲባል አዳራሹ በሙሉ ጨበጠ። ቢሻው ግራ እጁን ያለ ድጋፍ አነሳና፣ ጥርሱን ነክሶ አምስቱንም ጣቶቹን ዘረጋቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ቀልድ አልነበረም፤ እሱም ፈርቷል።

«ጓድ ቢሻው! ጨብጥ እንጂ!» አለ ሊቀመንበሩ።

«መጨበጡንማ እሷው በገዛ ፈቃዷ ስትጨብጥ ከረመች» አለ ቢሻው፣ እንባው እየቀደመው። «ዛሬ የዘረጋኋት ግን እኔ ነኝ።»

እልልታው ከሴቶቹ በኩል ተነሳ። ማንም ሳያዝ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጓድ ዋሴም ግራ ቀኝ አይቶ አብሮ አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ የፊት ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቢሻው ቅርም አላለው። ከኋላ ከሚስቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ በነጠላዋ ሥር እጇን በግራ እጁ ይይዛል፤ መፈክር እስኪጀመር ድረስም አይለቃትም።