ሳሉ የማን ነው?

ባለቤቴ ካስሙሪ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በባቡር ከተማችን በማዲዩን የባቡር ሰው ማለት በሰዓቱ የሚነሳ፣ በሰዓቱ የሚገባ፣ ጥፋት ሲገኝ ደግሞ የሌላ ሰው እንጂ የእሱ ያልሆነ ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ግፊት አለብህ ተብሎ ነጭ ክኒን ከተሰጠው ወዲህ ግን ጥፋቱን ሁሉ የሚሸከምለት አገኘ።

ጣሪያው ሲያፈስ ውጣና ሸክላውን አስተካክል ስለው ክኒኑ ያዞረኛል አለኝ። ጨው ግዛ ብዬ ልኬው ባዶ እጁን ተመልሶ ክኒኑ ያስረሳኛል አለ። እህቴ ልትጠይቀን ስትመጣ ክኒኑ እንቅልፍ ያመጣበታል፤ እሷ ጫማዋን አድርጋ ስትወጣ ይነቃል። በሰፈሩ ዘብ ቤት ተቀምጦ ከጓደኛው ከዳርሶኖ ጋር ቼዝ ሲጫወት ቢሸነፍም ያው ክኒኑ ነው። ዳርሶኖም የግፊት መድኃኒት ስለሚውጥ ሁለቱ የክኒናቸውን በደል ሲያወዳድሩ የሰማ የጦር ሜዳ ቁስል የሚያወሩ ይመስለዋል። ክኒኑን ያልከሰሰው በሽቦ ጎጆ የሚያሳድጋት እርግቡ መዝፈን ስታቆም ብቻ ነው። የዚያን ጊዜ ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩ፣ ጥሬ አሳንሼባት።

እኔ ሳምባል ነው የምሸጠው። ኦቾሎኒ ቆልቼ፣ ቀይ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጠብሼ፣ ከሎሚ ቅጠልና ከዘንባባ ስኳር ጋር እወቅጥና እያሸግኩ አስረክባለሁ፤ ሰው በሙቅ ውሃ በጥብጦ የተቀቀለ ጎመን ላይ ያፈሰዋል። ልጆቻችን የተማሩት በእሱ ደመወዝና በዚህ በእኔ ሙቀጫ ነው።

ክኒኑን በጀመረ በሁለተኛው ወር ግድም ሳል ያዘው። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ጉሮሮውን እንደ ላባ እየኮረኮረ የሚያስለው ደረቅ ሳል ነው። ሲተኛ ይብስበታል። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተነስቶ ይቀመጥና ወደ ማድ ቤቱ እየጠቆመ፣ የአንቺ ቃሪያ ነው ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ቃሪያ አፍንጫው ሥር ስጠብስ አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰውም ብዬ ብሟገተው፣ እየተጠራቀመ ቆይቶ ነው አለ።

እሺ፣ ምን ይደረግ። ምድጃዬን ተሸክሜ ጓሮ ወጣሁ። የዝናቡ ወቅት ነበር። ከላይ ሸራ ወጥሬ፣ በአንድ እጄ ጃንጥላ ይዤ በሌላው ኦቾሎኒ አገላብጣለሁ፤ ነፋሱ እሳቱን ያጠፋዋል፣ ዝናቡ ዘይቱ ላይ ይንጠባጠብና ይፈነጥርብኛል። ማታ ደግሞ ዝንጅብል አፈላለታለሁ። ጀርባውን ዘይት ቀብቼ፣ ነፋስ ገብቶት ከሆነ ይውጣለት ብዬ፣ ቀይ መስመር እስኪያወጣ በሳንቲም እፈገፍገዋለሁ። እሱ ግን ይስላል። ቃሪያው ጓሮ ከወጣ በኋላም ይስላል። ሽታው በመስኮት ይገባል አለ። መስኮቱን ዘጋሁት። ግድግዳው ይዞታል አለ።

ይህንን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ቡ ሱላስትሪ የመጣች ቀን ያደረገውን ነው። ቡ ሱላስትሪ፣ «ቡ» የምንላት እንደ እትዬ ለአክብሮት ነው፣ ለዒድ ለቤተሰቧም ለመሥሪያ ቤቷም ሳምባል የምትወስድ፣ ከትልቁ ከተማ ከሱራባያ ድረስ የምትመጣ ደንበኛዬ ናት። በረንዳው ላይ ሻይ አቅርቤላት እቃዋን ላወጣ ስገባ፣ ካስሙሪ ከሳሉ መሀል እንዲህ ሲላት ሰማሁት።

«እኔስ በሳምባሉ ጭስ ሥር ኖሬ ሳንባዬ አለቀ። እርስዎ ግን ለልጆች ነው የሚወስዱት?»

ጨዋ ሴት ናት። ሻይዋን ጨርሳ፣ ስልክ እደውላለሁ ብላኝ ባዶ እጇን ሄደች።

እኔም አልጮህኩም። ብጮህ ኖሮ ግፊቴን ከፍ አደረገችው ይል ነበር። በማግስቱ ጠዋት የክት ባቲክ ሸሚዙን አውጥቼ አልጋው ላይ አኖርኩና ልበስ፣ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን አልኩት። ለሳል ሐኪም ምን ያደርጋል፣ ምድጃውን ማጥፋት ነው እንጂ እያለ ለበሰ።

ዶክተር ፕራፕቲ የመጨረሻ ልጃችንን የምታህል ልጅ ናት። ግፊቱን ለካችና መድኃኒቱ ያመጣብዎት ችግር አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። ካስሙሪ ተመቻችቶ ተቀምጦ ጀመረ፤ ማዞሩን፣ ጨው መርሳቱን፣ እንቅልፉን፣ ቼዙን ሳይቀር ዘረዘረላት። በየመሀሉ ይስላል። ልጅቷ ብዕሯን አስቀምጣ ታየዋለች።

«ሳሉስ፣ አባት?»

«ሳሉ የመድኃኒቱ አይደለም። የእሷ ነው» አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

መቼ እንደጀመረው፣ አክታ እንዳለው ጠየቀችን። እኔ መለስኩ፤ ስለ ምድጃውና ስለ ዝናቡም ነገርኳት። በማዳመጫዋ ደረቱን በደንብ ካዳመጠች በኋላ፣ ሳንባው ንጹሕ እንደሆነና ይህ ዓይነቱ ክኒን አንዳንድ ሰው ላይ ልክ እንዲህ ያለ ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ ነገረችን። በሌላ እለውጠዋለሁ፣ ሳሉ ግን በአንድ ቀን አይጠፋም፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል አለች። በራስዎ ፈቃድ ግን መድኃኒት እንዳያቋርጡ ብላ አስጠነቀቀችው። ማዞሩም ከክኒኑ ሊሆን ስለሚችል ከአልጋ ሲነሳ ቀስ እንዲል፣ ጣሪያም እንዳይወጣ መከረችው። እዚህ ላይ በድል አየኝ።

«ጨው ግዛ ሲሉዎት ስለ መርሳትዎ ግን» አለች ዶክተሯ፣ «መድኃኒቱን መክሰስ ይቸግረኛል።»

አዲሱን ክኒን ተቀብለን ወደ ቤት ተመለስን።

ሳሉ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ በወሩ ጠፋ። ምድጃዬን ወደ ማድ ቤት መለስኩ። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ብጠብቅ ወይ ፍንክች። ጭራሽ ለዳርሶኖ፣ እኔማ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር ሲለው ሰማሁት። ዘብ ቤት የሚያስለውን ሁሉ ክኒንህን አስመርምር ማለት ጀመረ፤ ሲጋራ በሲጋራ ላይ የሚለኩሰውን ጎረቤታችንን እንኳ፣ ክኒን የሚባል በአፉ ገብቶ የማያውቀውን።

ያኔ በቃኝ። ስልኩን አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«ለቡ ሱላስትሪ ደውል።»

«ምን ብዬ?»

«ለእኔ ያላልከውን።»

ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጣቢያ ላይ ለሚጠባበቅ መንገደኛ እንደሚያስታውቅ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ደወለ። የዚያን ቀን የሰማችውን ሳል ያመጣው የባለቤቱ ሳምባል ሳይሆን የራሱ ክኒን እንደነበረ፣ ሳንባው ደህና እንደሆነ፣ የተናገረውም ነውር እንደነበረ ነገራት። «ባለቤቴን በሐሰት ከሰስኳት» ሲል ድምፁ ዝቅ አለ። ወዲያ ማዶ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። ስልኩን ዘግቶ፣ ከወትሮው እጥፍ ትፈልጋለች፣ ከዒዱ በፊት ይድረስልኝ ብላለች አለኝና ወደ እርግቡ ሄደ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኦቾሎኒ ስቆላ ማድ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ሱሪውን ሰብስቦ ቁርጭምጭሚቱን አሳየኝ። አብጦ የካልሲው ጠርዝ ሰርጉዶበታል።

«ይኼ የክኒኑ ነው ወይስ የጨውሽ?» አለኝ።

አየሁት። ቢያንስ ጠይቋል።

«አላውቅም» አልኩት፣ «ነገ ዶክተሯን እንጠይቃታለን። እስከዚያ ቁጭ በልና እግርህን ወንበር ላይ ስቀል። እግረ መንገድህን ነጭ ሽንኩርቱን ላጥልኝ።»

ነጭ ሽንኩርት ክኒኑን ያበላሸዋል ይላሉ ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ግን ተቀመጠ፣ ላጠውም።