አለኸኝ የሞላው ሰዓት

ወረታ ካለው የሙያ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ክፍሉን የሚጠብቀው አለኸኝ ነው። ይጠብቃል ሲባል በር ላይ ዱላ ይዞ ይቆማል ማለት አይደለም። አሥራ ስድስቱ ኮምፒውተሮች ከማርጀታቸው የተነሣ ውስጣቸው ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታለች፤ በጠፉ ቁጥር ቀኑንም ሰዓቱንም ይረሳሉ። አለኸኝ ታዲያ በየማለዳው ከሁሉ ቀድሞ ይገባና የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ እያየ አንድ በአንድ ይሞላላቸዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ማለዳ አልዘለለም። አሠልጣኞቹ የእጅ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት ከእሱ ኮምፒውተሮች ነበር። እሱም ይህን ባየ ቁጥር ደረቱን ነፋ ያደርጋል፤ ቢያደርግስ ማን ይፈርድበታል?

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ግን ክፍሉ ጭንቅ ይዞት ነበር። በማግስቱ የብቃት ምዘና አለ። ተመዛኞች ስልክም ኢንተርኔትም ተከልክለዋል፤ የተፈቀደላቸው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ፣ ለማሽኑ የሚጻፉት ትእዛዞች ማብራሪያ ብቻ ነው። በጥቁሩ ስክሪን ላይ የትእዛዙን ስም ሲጽፉለት የማብራሪያውን ገጽ አውጥቶ የሚያስነብብ ሶፍትዌር አለ፤ እነዚህ ላይ ግን አልተጫነም። ተሠርቶ ያለቀው ደግሞ አሮጌ ማሽን ላይ አልሠራም ብሏል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣችው አሠልጣኝ ቤዛ ሶፍትዌሩ የተጻፈበትን ምንጭ ኮድ ከባሕር ዳር በፍላሽ አምጥታ ለእነዚህ ማሽኖች እንዲሆን እዚሁ ልትገነባው ተነሣች። አንዱ ላይ ከተገነባ ወደ ሌሎቹ መገልበጡ ቀላል ነው።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ገላነሽን ነበር። እዚያው ወረታ አጠገብ ያለችው የቁሐር ሚካኤል ልጅ ናት። ባለፈው ምዘና የአንዲት ትእዛዝ አጻጻፍ ከአእምሮዋ ጠፍቶባት ወድቃለች። አሁን ብትደግመው ቤተሰቦቿ ወደ ሩዝ እርሻው ሊመልሷት ቆርጠዋል። ሩዙን ጠልታ አይደለም፤ አረሙን ከማንም በላይ ትችለዋለች። ልቧ ግን እዚህ ቀርቷል። አለኸኝ ምሳዋን እንኳ ትታ ስትለማመድ ስለሚያያት አንጀቱን በልታዋለች።

ቤዛ ፋይሎቹን ከፍላሹ አውጥታ ግንባታውን አስጀመረች። ጥቂት መስመር እንደሄደ ቆመ። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ፣ አሁን የፈጠርሁት ፋይል ተዘጋጅተው ከመጡት ፋይሎች ያረጃል፤ ሰዓቱን ተመልከቱ አለ። ተመለከቱ። ማሽኑ 2017፣ ወር 9፣ ቀን 12 ይላል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ። የግድግዳው የቀን መቁጠሪያም ያንኑ ቀን ይላል። አለኸኝ ትንሽ ቅር አለው፤ በዚህ ክፍል ሁሉም ነገር ይጠረጠር እንጂ ሰዓቱ አይጠረጠርም። ቤዛም ጠዋት ማታ የምታየው ዓመት ስለሆነ ዐይኗ አልፎት ሄደ። ሁለተኛውን ሞከረች፣ ሦስተኛውን ሞከረች፤ ያው ነው። ከሰዓት በኋላ መብራት እንደሚጠፋ ተነግሯል። ፍላሹ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ባሕር ዳር ለመደወል ወጣች።

ገላነሽ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እሷም ማሽኑ ያለውን ቃል በቃል ደጋግማ አነበበች። ከዚያ የመጡትን ፋይሎች ከነቀናቸው ዘርዝራ አወጣች። ወደ አለኸኝ ዞረች።

“ጋሼ፣ ጥጃ ከላሚቱ ቀድሞ ይወለዳል?”

“ምን ማለትሽ ነው?”

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች። የመጡት ፋይሎች የተጻፉበት ዓመት 2023 ይላል። ማሽኑ ደግሞ ዛሬን 2017 ነው ብሎ ያምናል። ኮዱን የጻፉት ሰዎች የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው፤ ዛሬ የተፈጠረው ፋይል እነሱ ከጻፉት በስድስት ዓመት ቀድሞ የተወለደ ሆኖ ተገኘ።

አለኸኝ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ጥቅምት ሠላሳን እምቢ የሚለው ለዚህ ኖሯል፤ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን የለውም! በየዓመቱ ጳጉሜ ሲደርስ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ሲለው፣ ይህ ማሽን እንዴት ያለ ደንቆሮ ነው እያለ ይስቅበት ነበር።

ቤዛ ስትመለስ ምን እንዳገኙ ጠየቀች። ገላነሽ ዐይኗን ከአለኸኝ አሽሽታ፣ ባትሪው ስለሞተ ማሽኑ ዓመቱን ስቶ ነው አለች። አለኸኝ ልትሸፍንለት እንደፈለገች ገባው። ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር።

“ማሽኑ አልሳተም፣ መምህር” አለ። “እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በኛ ዘመን አቆጣጠር ስሞላው የኖርሁት እኔ ነኝ።”

ቤዛ አልሳቀችም፤ እኔም አይቼ አልፌዋለሁ አለችው። አለኸኝ ተቀምጦ 2025፣ ወር 5፣ ቀን 20 ብሎ ሞላ። ገላነሽ ግንባታውን እንደገና አስጀመረች። አሁን መስመሮቹ ሳያቋርጡ ይወርዱ ጀመር። አሮጌው ማሽን አንድ ሰዓት ያህል ሲያቃስት ቆይቶ ጨረሰ፤ ጫነችው፤ የአንዲት ትእዛዝ ስም ጻፈችና ገጹ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አለኸኝ ፈዝዞ ቀረ። የት እንዳሉ እንኳ የማይታወቁ ሰዎች፣ ለማያውቁት ሰው ብለው ትእዛዟን ከነሙያዋ ጽፈው አስቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ደግነት አይቶ አያውቅም። መብራቱ ሳይጠፋ አሥራ ስድስቱም ላይ ተጫነ።

በማግስቱ አለኸኝ ከክፍሉ ደጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ገላነሽ ከብዙዎቹ ኋላ ወጣች፤ ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል።

“ያችው ትእዛዝ መጣች፣ ጋሼ” አለች። “ያችው ጠፋችብኝ። ገጹን ከፈትሁት፤ አነበብሁ፤ ሠራሁት። ብቁ ነሽ አሉኝ።”

 አለኸኝ ባርኔጣውን አወለቀና ከድንጋዩ ብድግ አለላት። በአገሩ ወግ ታላቅ ለታናሽ አይነሣም። ገላነሽ ደንግጣ፣ ኧረ ይቀመጡ ጋሼ፣ በማርያም ይቀመጡ እያለች ለመነችው።

አለኸኝ ግን አልተቀመጠም።